ለካቶሊክ መራጮች በሐዋሳ የሚሰጥ የኅሊና ሥልጠና፦ ምን ያስጨብጣል፣ የት ይስታል

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ) አዳራሽ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰጥ የሦስት ሰዓት ሥልጠና ነው። ክፍያ የለውም። «ማንን ልምረጥ?» ብሎ የሚሄድ ሰው መልስ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀኖና ሕግ ቁጥር 287 ከተለየ ሁኔታ በቀር ካህናት በፖለቲካ ፓርቲ ውስጥ እንዳይሳተፉ ይከለክላል፤ አሠልጣኙ አባም የአንድም ፓርቲ ስም አያነሱም።

የመጀመሪያው ሰዓት ጠንካራ ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ የእምነት መጽሐፍ የሆነው ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2240 ድምፅ መስጠትን ግብር ከመክፈልና አገርን ከመከላከል ጋር የሞራል ግዴታ አድርጎ እንዳስቀመጠው ካሳዩ በኋላ በቀጥታ ወደ ከባዱ ጥያቄ ይገባሉ፦ በብዙ ነገር የሚሻለው እጩ ጽንስ ማስወረድን የሚደግፍ ቢሆንስ? እጩውን ለዚሁ አቋሙ ብሎ የመረጠ የክፋቱ ተካፋይ ነው። አቋሙን እየተቃወመ በሌላ ምክንያት የመረጠው ግን ተባባሪነቱ የሩቅ ነው፤ የሚፈቀደውም ከጉዳቱ ጋር የሚመዛዘን ምክንያት ካለ ብቻ ነው። ያኔ ካርዲናል የነበሩት፣ ኋላ ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ የሆኑት ራትዚንገር እ.ኤ.አ. በ2004 ለአሜሪካ ጳጳሳት የጻፉት ይህንኑ ነው። አሠልጣኙ «የሚመዛዘን» የምትለዋ ቃል ላይ ረጅም ጊዜ መቆየታቸው ተገቢ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። የሰፈር አስፋልት ከሰው ሕይወት ጋር አይመዛዘንም።

ከሁሉም የሚጠቅመው ግን በሁለተኛው ሰዓት የሚታደለው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሦስት ዓምድ አለው፦ እጩው ምን ቃል ገባ፣ ቃሉን የሚፈጽምበት ሥልጣን አለው ወይ፣ ማን ይጎዳበታል። መሐለኛው ዓምድ ብዙ ግርታ ያጠራል። መራጩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት በሁለት ወረቀት ነው የሚመርጠው። ጽንስን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 የፌዴራል ስለሆነ የክልል ምክር ቤት እጩ ሊለውጠው አይችልም፤ የመሬት አስተዳደር ግን በእጁ ነው። ሁለቱን ወረቀት በአንድ ሚዛን መመዘን ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር መታረም አለበት። አንደኛው፣ የአሠልጣኙ ጽሑፍ የር.ሊ.ጳ. ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስን የ1995 (እ.ኤ.አ.) መልእክት (ኤቫንጄሊዩም ቪቴ) ቁጥር 73 ለመራጭ እንደተነገረ አድርጎ ይጠቅሳል። ቦታው የሚናገረው ስለ ምክር ቤት አባል ነው፦ ክፉውን ሕግ መሻር ካልቻለና ተቃውሞው በግልጽ የታወቀ ከሆነ፣ ጉዳቱን የሚቀንስ ረቂቅ መደገፍ ይችላል። መራጩ ሊማርበት ይችላል፤ ግን እንዳለ መገልበጥ ለ«ትንሹ ክፋት ይሻላል» በር ይከፍታል፤ ክፋት ደግሞ ቢያንስም አይመረጥም፤ የሚፈለገው ክፋቱን መቀነስ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። እጩን «የኛ ልጅ ነው» ብሎ በብሔር ስለመምረጥ ለመነጋገር የተሰጠው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ ድምፅ ለጋራ ጥቅም እንዲውል ያዛል፤ የጋራ ማለት ደግሞ በግድግዳ የሚዋሰነን፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውን ጎረቤት ጭምር ነው። ሐዋሳን በመሰለ የብዙ ብሔረሰብ ከተማ ሦስተኛው ዓምድ በደንብ ሊሞላ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። ሰዎች ሳይሞሉት ነው የሚወጡት።

በሲዳምኛ የሚያስረዳ ካቴኪስት (የሃይማኖት አስተማሪ) አለ፤ ከፊት መቀመጥ ይሻላል፣ አዳራሹ ያስተጋባል። የፓርቲዎቹን ማኒፌስቶ ይዞ መሄድ ግድ ነው፤ እዚያ አይሰጥም፣ ያለሱ ደግሞ የመጀመሪያው ዓምድ በወሬ ይሞላል።