ሐረር ላይ ድግስ ካሰባችሁ፣ አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት

ከውጭ አገር መጥታችሁ ሐረር ላይ ዘመድና ጎረቤት ለመሰብሰብ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ጁገል ግቡና አንድ የሐረሪ ቤት እዩ። እኔ ከጀርመን የመጣሁት እናቴን ከድሮ ጎረቤቶቿ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ለማስቀመጥ ነበር። አብዛኞቹ ሸምግለዋል፤ ከፊሉ ሙስሊም፣ ከፊሉ ክርስቲያን ነው፤ የናፈቃቸውም ሙዚቃ ሳይሆን ጨዋታ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከዚያ ቤት የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

በመጀመሪያ ያየሁት ከግንቡ ውጭ ያለ የሆቴል አዳራሽ ነበር። ስፋቱ ለሠርግ ይበቃል። ነገር ግን ድምፅ ያስተጋባል፣ ወንበሩ ሁሉ ወደ መድረኩ ዞሮ ተደርድሯል፣ ከውጭ እንደመጣሁ ሲያውቁም ቀብዱን በዩሮ ካልሆነ አሉኝ። ለከተማው ሰው በብር፣ ለእኛ በዩሮ መባሉ ያሳዝነኛል፤ ትቼው ወጣሁ።

በኋላ የወሰድነው ቤት ሐረሪዎቹ ጌይ ጋር ከሚሏቸው ነባር ቤቶች አንዱ ነው። ባለቤቷ ሐጂያ ናቸው፤ ቤተሰባቸው እዚያው ይኖራል፣ እንግዳም ያሳድራሉ። የአፎቻ ስብሰባ፣ የሠርግ ዝግጅት፣ ለቅሶም ይስተናገድበታል። አፎቻ እንደ እኛ እድር ነው፤ ሐዘንንም ደስታንም አብሮ ይሸከማል።

ከመንገድ ሲታይ ደረቅ የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነው። ግቢውን ተሻግራችሁ ስትገቡ ግን ትልቁ ክፍል በአምስት መደቦች ተከፋፍሎ፣ ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ተቀብቶ፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። የመደቦቹ ከፍታ ይለያያል፤ እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው። በሩን የሚያየው የአሚር መደብ ለአባወራውና ለክቡር እንግዳ ነው፤ እናቴን እዚያ አስቀመጧት። ከአንዱ መደብ ሆኖ የሌላው ፊት ይታያል፤ ጀርባውን የሚሰጥ ሰው የለም። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ ድምፅ ማጉያ አላስፈለገንም፤ መብራት ሲጠፋም ጨዋታው አልተቋረጠም። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ በቀትር እንኳ ቀዝቃዛ ነው። ሰው ለመሰብሰብ ታስቦ የተሠራ ቤት መሆኑ የሚገባችሁ ሲሞላ ነው።

ስለ ቀዩ አፈር የነገሩን ከእናቴ ጎረቤቶች አንዱ ናቸው። በ1879 ዓ.ም. የሐረሩ ገዥ የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር ጨለንቆ ላይ ሲሸነፍ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። የእናቴ አያት ከሸዋ የመጡ ወታደር ነበሩ። ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ታሪኩን ሳይሸፋፍኑ፣ ሳይቆጡም፣ እጇን ይዘው ነገሯት። ከመጣሁበት ጉዞ ሁሉ ትልቁን ነገር ያገኘሁት በዚያች ሰዓት ነው።

ምግቡን ያሰቡት ሐጂያ ናቸው። እኔ የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ አሳርጄ ሁለት ማዕድ ለማቅረብ ነበር ያቀድኩት። «ልጄ፣ ሥጋ ከገባ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ላይ ሊበሉ አይደል የጠራሻቸው?» አሉኝ። ቀኑ የጾም ቀን ስላልነበረ ሽሮው፣ ምስሩ፣ በእንቁላልና በማር የተሠራው ፈጢራ፣ ሐላዋው ሁሉ ከአንድ ማዕድ ተበላ። ከዚያ ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላው ሆጃ ቀረበ፤ ቡናው በኋላ ተከተለ። የምግብ አገልግሎት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ የሚበላውን ሰው አውቆ ማቅረብ።

ችግርም አለበት። የላይኛው መደብ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከፍ ይላል፤ የሚይዙት ነገር የለም። ግቢው ውስጥ ወንበር እንዲቀመጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ይፈቅዳሉ። መጸዳጃ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ በሩም ጠባብ ነው። የቧንቧ ውኃ ሐረር ላይ በየቀኑ አይመጣም፤ በበርሜል ተቀድቶ ይጠብቃችኋል፣ ግን ለብዙ እንግዳ ተጨማሪ ማስቀዳት ያስፈልጋል። መኪና ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለባጃጅም የሚጠብበት ቦታ አለ። አንዲትን አዛውንት የሰፈሩ ልጆች ደግፈው አደረሷቸው፤ ሰው ሳይለምናቸው ነው የመጡት።

ጊዜ ካላችሁ እንግዶቻችሁን በማግሥቱ ራምቦ ቤት ውሰዷቸው። የሕንድ ነጋዴ ያሠራው የእንጨት ቤት ነው፤ ባለ ቀለም መስታወቱና የተሳለው ጣሪያው አሁንም ያምራል። ስሙ የተሰጠው ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር መጥቶ መነገዱ እውነት ነው፤ እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ1891 አርፏል፣ ይህ ቤት ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። እኛን የያዘን ፎቶግራፉ ነው። እናቴና ጓደኞቿ የድሮዋን ሐረር ፎቶ እያዩ «ይህ የነማን በር ነው?» እየተባባሉ ብዙ ቆዩ።

መጓጓዣው ቀላል ነው። እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ሐረር ድረስ በሚኒባስ ወይም በኮንትራት መኪና፤ ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሐጂያ ሒሳቡን በሰው ቁጥር አስበው በብር ነው የተቀበሉኝ፤ ለአፎቻውም ለእኔም አንድ ዓይነት ነው። አትከራከሯቸው። ግድግዳው በየዓመቱ ከረመዳን በፊት ኖራ ይቀባል፣ ቀዩ አፈርም ይታደሳል፣ የጣሪያው እንጨት ሲያረጅ ይተካል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ከቤተሰቡ ኪስ ነው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለገባ እንደፈለጉ አፍርሰው በብሎኬት መሥራትም አይችሉም። እኛ ለአንድ ምሽት ለፍራንክፈርት ሆቴል የምንከፍለውን እያሰብን እዚህ ዋጋ ብንቀንስ ነውር ነው።

ሹዋሊድን አይታችሁ ድግሳችሁንም በዚያው ለማድረግ ካሰባችሁ ደግሞ ቶሎ ተነጋገሩ። በዓሉ ከረመዳን ማግሥት ያሉት ስድስት የጾም ቀናት ካበቁ በኋላ ይከበራል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ስሙ በውጭም ይበልጥ ተሰምቷል። በውጭ ያለው ሐረሪም ለዚሁ ይመጣል፣ እንግዳ የሚያሳድሩ ቤቶችም ቀድመው ይያዛሉ። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሰው ልካችሁ ቤቱን አሳዩ፣ የመደቡን ከፍታና የመጸዳጃውን በር በስልክ ፎቶ አስነሱ፣ ከዚያ ቀን ቁረጡ።