ግሊቬክ፦ ከእራት ጋር የምትዋጠው ኪኒን

ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር ስላለብኝ በቀን አንድ ባለ 400 ሚሊግራም ግሊቬክ እውጣለሁ። የመድኃኒቱ ስም ኢማቲኒብ ነው፤ ግሊቬክ አምራቹ ኖቫርቲስ ያወጣለት የገበያ ስም ነው።

ሥራውን ሳላደንቅ አላልፍም። በዚህ በሽታ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ይህንን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳየችው አሜሪካዊቷ የጄኔቲክስ ተመራማሪ ጃኔት ራውሊ ናት። ቢሲአር እና ኤቢኤል የተባሉ ሁለት ጂኖች ይገጣጠሙና አንድ ቅይጥ ፕሮቲን ይወለዳል። ኤቢኤል በጤናማ ሴል ውስጥ ሲታዘዝ ብቻ የሚሠራ ጨዋ ኢንዛይም ነው። የቢሲአር ቁራጭ ግን ቅይጦቹን እርስ በርስ ያጣምራቸዋል፤ የተጣመሩት አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት እየለጠፉ ይነቃቃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም። አዝራሩ ተቀርቅሮ እንደቀረ የበር ደወል፣ «ተባዛ፣ አትሙት» የሚለው መልእክት ራስ እና ስታት5 በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል ያለማቋረጥ ይተላለፋል። ግሊቬክ ኢንዛይሙ ኤቲፒን፣ ማለትም ፎስፌት የሚሰጠውን ሞለኪውል፣ በሚቀበልበት ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ይቀመጣል። ኤቲፒ ካልገባ ፎስፌት የለም፤ ፎስፌት ከሌለ መልእክቱ ይቆማል። በማስተምርበት ዘመን ይህ ምሳሌ በእጄ ቢኖር ኖሮ የኋላ ወንበር ተማሪዎቼ እንኳን ባላንቀላፉ!

መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ታማሚዎችን ለረጅም ጊዜ በተከታተለው ጥናት 10 ዓመት በሕይወት የመቆየት ዕድል 83 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ወቀሳው። ጠዋት የዓይኔ ቆብ ያብጣል፤ ሌሊት ባቴን ይሸመቅቀኛል። በባዶ ሆድ ከተዋጠች ማቅለሽለሹ ቀኑን ሙሉ አይለቅም። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከቁርስ ወደ እራት አዛወርኳት፤ ሐኪሜም አልተቃወመችም፤ ለእርሷ ዋናው ነገር ሰዓቱ አለመዛነፉ ነው። መዋጥ የሚከብደው ሰው በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ወዲያው ሊጠጣት ይችላል፤ ምሬቷን ግን ይቻለው።

ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። በኤቢኤል ላይ ቲ315አይ የተባለው ለውጥ ከመጣ ኪኒኗ ከዚያች ጎድጓዳ ቦታ መግባት ያቅታታል፤ ያኔ እንደ ፖናቲኒብ ያለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። በደም ውስጥ የቀረውን የቅይጡን ጂን መጠን የሚለካውን የፒሲአር ምርመራ ችላ የሚል ታማሚ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፤ ደህና ነኝ ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከህንድ የሚመጣውን ርካሹን ኢማቲኒብም ወስጄ አውቃለሁ። የምርመራ ውጤቴ አልተለወጠም፤ የዓይኔ እብጠትም እንዲሁ።