ዘጠኝ ወር በአንድ የተራራ ብስክሌት፦ ጎማው ላይ ያነበብኩት

ብስክሌቱን በገዛሁ በሁለተኛው ወር ማስታወሻዬ ላይ ሦስት ቅሬታ ጽፌ ነበር፦ «ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ ይደክማል። የፊት ጎማው ኩርባ ላይ ይንሸራተታል። 20 ደቂቃ እንደወረድኩ እጄ ይደነዝዛል።» ያኔ ግምገማ ብጽፍ ኖሮ «እንዳትገዙት» እል ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ወር ሞልቶኛል፤ ከሦስቱ አንዱም የብስክሌቱ ጥፋት አልነበረም። እውነተኛ ጉድለቶቹን ደግሞ ያኔ ገና አላወቅኳቸውም።

ስለ ዕቃው ባጭሩ፦ አሞርዛተር ያለው ከፊት ብቻ ነው፤ እስከ 120 ሚሊሜትር ይሰምጣል። ጎማው 29 ኢንች፣ ማርሹ ከፊት አንድ ከኋላ 12፣ ፍሬኑ ሃይድሮሊክ ዲስክ ነው። መሪው ላይ ባለ ቁልፍ ኮርቻውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ዘንግም አለው። በሳምንት ሁለቴ፣ ሲመቸኝ ሦስቴ እወጣለሁ፤ የምነዳበት አብዛኛው መንገድ ድንጋይና የዛፍ ሥር የበዛበት ቀጭን የጫካ መንገድ ነው።

ከፍሬኑ ልጀምር፤ አብዝቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። ረጅም ቁልቁለት ስወርድ ሁለቱንም ፍሬን ከላይ እስከ ታች በስሱ እንደያዝኩ ነበር። ጨርሶ ስለማልለቀው ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት ፋታ አያገኝም፤ ሙቀቱ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ታች ደርሼ ስቆም የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የኋላው ዲስክ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀለም ይዟል። የፍሬን ሸራውን አውጥቼ ሳየው ፊቱ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። ሸራ እንዲህ ከሆነ ዲስኩን መንከስ ያቆማል። አዲስ ሸራ አስገባሁ፤ ከዚያ በላይ የረዳኝ ግን አያያዜን መቀየሬ ነው። ኩርባው ሳይደርስ፣ መንገዱ ቀጥ ባለበት ቦታ ጠበቅ አድርጌ እይዝና ከዚያ ሙሉ በሙሉ እለቃለሁ። የፊት ፍሬኑንም መፍራት ተውኩ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው፤ የኋላው ብቻውን ሲያዝ ቶሎ ጎማውን ያንሸራትተዋል። ቁልቁለቱ ያው፣ ፍሬኑ ያው ነው፤ አሁን ግን አንድ ጣት ይበቃኛል። የእጄ መደንዘዝም አብሮ ጠፋ፤ ለካ መሪውን አንቄ የያዝኩት እኔው ነኝ። ክብደቴ አሁን እግሬ ላይ፣ ፔዳሉ ላይ ያርፋል።

የጎማው ነገር በሦስተኛው ወር ብስክሌቱን ገልብጬ ሳጥብ ተገለጠልኝ። የፊት ጎማው ጠርዝ ላይ ያሉት ጥርሶች ከፋብሪካ ይዘዋቸው የመጡትን ቀጫጭን የላስቲክ ፀጉሮች አልጣሉም! የኋላው ጎማ መሀል ደግሞ ተላጭቷል። እዚያ ጎማ ላይ አነዳዴ ተጽፎ ነበር፦ የኋላ ፍሬን ይዤ እንሸራተታለሁ፣ የፊቱን ጠርዝ ደግሞ ለሦስት ወር አንድም ቀን መሬት አላስነካሁትም። ኩርባ ላይ አፈር የሚነክሱት ግን እነዚያው የጠርዝ ጥርሶች ናቸው። ስፈራ ወገቤ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የፊት ጎማው ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ ደግሞ ይንሸራተታል። ከዚያ ያንሸራተተኝን ጎማ እወቅሳለሁ።

ሜዳ ላይ ሁለት ድንጋይ አስቀምጬ በዙሪያቸው መዞር ያዝኩ። ብስክሌቱን ከሥሬ አጋድማለሁ፣ እኔ ግን ቀና እላለሁ፤ የውጭ እግሬን ወደ ታች እጫናለሁ፤ ዓይኔን ከጎማው ነቅዬ የምወጣበት ላይ እተክላለሁ። በጣም የከበደኝ ዓይን ነው። ሰውነት ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና፣ ድንጋዩን ካየሁት ድንጋዩን እመታለሁ። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።

አሞርዛተሩን በአምራቹ የአየር መጠን ሠንጠረዥ መሠረት በክብደቴ ልክ ነፋሁት። ምን ያህል እንደሰመጠ የምታሳየው፣ የአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ግን ከ80 ሚሊሜትር አልፋ አታውቅም ነበር። ትንሽ አየር አስወጣሁለትና ለሰለሰ። ፍጥነቴ ሲጨምር ደግሞ ቀለበቷ መጨረሻው ድረስ መድረስ ጀመረች፤ ያስወጣሁትን አየር መልሼ ሞላሁት።

እውነተኛ ጉድለቶቹን ልንገራችሁ። የኮርቻው ዘንግ በአምስተኛው ወር በራሱ መስመጥ ጀመረ። ዳገት እየወጣሁ ጉልበቴ እየታጠፈ ሲሄድ ነው የነቃሁት። በዋስትና ተቀየረልኝ፤ ግን ሳምንታት ጠበቅኩ፣ አዲሱም ከወዲሁ ንቅንቅ ማለት ጀምሯል። ይህ ለአዲስ ብስክሌት አይገባም። ሁለተኛው፣ ጎማው የውስጥ ጎማ የለውም፤ ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ ግን ይደርቃል። ጎማውን ስወዘውዘው የፈሳሽ ድምፅ ጠፍቶ ነበር፤ ችላ አልኩት። በማግስቱ አንዲት እሾህ ቤት ድረስ በእግሬ አስኬደችኝ። በየሦስት ወሩ እዩት። ካቴናውን በመለኪያ እየለካሁ፣ መለጠጡ 0.5 በመቶ ሲደርስ ቀይሬዋለሁ፤ ችላ ብለው ኖሮ የኋላውን ማርሽ ይበላው ነበር።

ዳገት ላይ ቅር ያሰኘኝ ነገር የለም። 51 ጥርስ ያለው ትልቁ የኋላ ማርሽ ቁጭ እንዳልኩ ያወጣኛል።

ለጀማሪ ይሆናል ወይ? ይሆናል። ከኋላ አሞርዛተር ስለሌለው ስህተት አይሸፍንላችሁም፤ የተሳሳተ መስመር ስትይዙ ወዲያው ወገባችሁ ላይ ይነግራችኋል። ከፍ ካለ ቦታ መዝለል ለሚወድ ግን አልመክረውም፤ እኔም ገና አልዘልም።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ገልብጬ አጠብኩት። የፊት ጎማው የግራ ጠርዝ ጥርሶች ተሸርሽረው ክብ ሆነዋል። የቀኞቹ አሁንም ስል ናቸው፤ ወደ ቀኝ ስዞር ዛሬም ብስክሌቱን በደንብ አላጋድመውም ማለት ነው። ድንጋዮቹን መልሼ ሜዳው ላይ አስቀምጫለሁ፤ በዚህ ወር የምዞረው ወደ ቀኝ ብቻ ነው።