ዲኤክስ ዋገን ወይስ ኢንጀክሽኑ? ሰሜን ሸዋ ተቀምጦ በእጁ ለሚጠግን ሰው

አሮጌ ዋገን ሊገዛ ብር የቋጠረ ሰው ሁሉ ይዞት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዲኤክሱን ልግዛ ወይስ ኢንጀክሽኑን? ዲኤክስ የምንለው እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የወጣውን፣ 4ኬ ሞተር ያለውንና በኋላ ጎማ የሚገፋውን ቶዮታ ኮሮላ ነው። ኢንጀክሽን የምንለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ የመጣውን፣ 5ኤ ሞተር ያለውንና በፊት ጎማ የሚጎትተውን። መልሱን ከፊት እናስቀምጠው፦ መፍቻ መያዝ ለሚያውቅ፣ ከአስፋልት ወርዶ ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐ ቤቴ ጠጠር ለሚገባ ሰው ዲኤክስ ይሻለዋል። ከአዲስ አበባ አስፋልት የማይወጣ፣ መኪናውን ጋራዥ ሰጥቶ ማታ የሚረከብ ሰው ግን ኢንጀክሽኑን ይግዛ።

«ናፍጣውስ?» የሚል አይጠፋም። 2ሲ ሞተር ያለው ኮሮላ ዋገን ሜዳ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ጭነት ይዞ ሲወጣ ግን ይግላል፤ የጋለ 2ሲ ደግሞ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይሰነጠቃል። የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹን ከሞተሩ ዙር ጋር የሚያዞረው ቀበቶ) ከተበጠሰም ቫልቭ ይታጠፋል። በነዳጅ የተቆጠበው ሁሉ በአንድ ቴስታታና በአንድ የናፍጣ ፖምፓ እድሳት ያልቃል። ይለፈን።

ዋጋን በተመለከተ፣ የሁለቱም ዋጋ ከዕድሜያቸው ጋር አይመጣጠንም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ መለዋወጫውም አብሮ ተሰቀለ። ስለዚህ የሚነጻጸረው ሻጭ የሚጠራው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መኪናው ቦሎ ይዞ መንገድ እስኪወጣ የሚበላው ሁሉ ይደመርበታል። ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ለሁለቱም ጎማ ከነትርፉ አምስት፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይትና ፊልትሮ ጻፉ። ኢንጀክሽኑ ላይ የታይሚንግ ቺንጋ ከነሮለሩ፣ የውሃ ፖምፓና የሁለት አክሰል ጎሚኒ (የመገጣጠሚያው የጎማ ሽፋን) ጨምሩ። ዲኤክሱ በቺንጋ ፋንታ ሰንሰለት ስላለው ይሄ ወጪ የለበትም። «ቺንጋው አምና ተቀይሯል» ያለ ሻጭ የላይኛውን ሽፋን ፈትቶ ያሳያችሁ፤ ጥቂት ብሎን ነው። የተሰነጣጠቀ ወይም ዘይት የነካው ከሆነ እንዳልተቀየረ ቆጥራችሁ ከዋጋው ቀንሱ። ደግነቱ 5ኤ ላይ ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መንገድ ላይ ያቆማል እንጂ ሞተር አይበላም።

ነዳጅ ላይ ኢንጀክሽኑ ይረታል፣ ይሄን መካድ አይቻልም። ደኅና የተያዘ ዲኤክስ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ይጠጣል፣ ኢንጀክሽኑ 8። ደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 5 ሊትር ያህል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመላለስ ሰው በዓመት 260 ሊትር ገደማ ይከፍላል ማለት ነው። የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር በብር የተሠራ ሒሳብ ስለሚበላሽ በሊትር ያዙት፣ በዕለቱ ዋጋ አባዙት፣ ከዚያ ከአንድ የነዳጅ ፖምፓ ዋጋና ከአንድ የጎታች መኪና ኪራይ ጋር አስተያዩት። በወር አንዴ ብቻ የምትመላለሱ ከሆነ ልዩነቱ 60 ሊትር ነው፣ ለዚያ ብላችሁ መኪና አትምረጡ።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። ዲኤክስን ለማስተካከል ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት)፣ ካቻቢቴ፣ ከ8 እስከ 19 መፍቻና የካንዴላ ቁልፍ ይበቃል። ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። መጀመሪያ ቫልቭ፦ ሞተሩ እንደጋለ አስገቢው 0.20፣ አስወጪው 0.30 ሚሊ ሜትር። ብዙ ሰው ጩኸቱን ለማጥፋት ያጠብቀዋል፤ የጠበቀ አስወጪ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ይቃጠላል፣ ትንሽ የሚንቃቃ 4ኬ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ፑንቲናው (ዲስትሪቢውተር ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳት የሚሰጠው) 0.45፣ ካንዴላው 0.8። የፑንቲናው ክፍተት ሲቀየር የእሳቱ ሰዓትም (ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት) አብሮ ስለሚቀየር ሰዓቱ ከሱ በኋላ ይስተካከላል። ሚኒሞ (መኪናው ቆሞ የሞተሩ ዙር) እና ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቃዩ) መጨረሻ ላይ ነው። ካርቡራተሩን አስቀድሞ የነካ ሰው የእሳት ችግርን በቤንዚን ሲያሳድድ ይውላል።

ካርቡራተሩ የዲኤክስ ድካም ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ብሎን) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሜታው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። የሚኒሞዋን ብሎን ማጥበብ መፍትሔ አይሆንም፣ እሷ መኪናው ቆሞ ሲሠራ እንጂ ሲነዳ የሚጠጣውን አትቆጣጠርም። አንድ ደረጃ ጠበብ ያለ ዋና ጂግለር ይገባለታል፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ መኪናው እየነጠቀ ከሄደ ጥበቱ በዝቷል ማለት ነውና የድሮውን መልሱት። ኢንጀክሽኑ የአየሩን ግፊት በሴንሰር ለክቶ ቤንዚኑን ራሱ ያስተካክላል። በዚህ ረገድ ዲኤክስ አይወዳደረውም።

አዲስ የኮፒ ካርቡራተር ግን በነጻም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። አብረቅራቂ ነው፣ ኦርጅናሉን ከማሳደስ ረክሶም ይገኛል፤ ዘንጉ ግን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ይወዛወዛል፣ በዚያ በኩል አየር ይስባል፣ ሚኒሞው አይያዝም። የተጎዳውን ኦርጅናል ፈትቶ በቤንዚን አጥቦ ጓርኒሽኑን (ማሸጊያውን) እና መርፌውን መቀየር ይበልጣል። ከፑንቲናው ጋር የሚሠራው ኮንደንሰርም እንዲሁ ነው፤ የኮፒው ሲግል ይሞታል፣ መኪናው ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ኦርጅናል ገዝቶ ለመጠባበቂያ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋውም ቀላል ነው።

በአጠቃላይ ካርቡራተር፣ ዲስትሪቢውተር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖና የፊት አክሰል ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ኮፒ ይበልጣል። የፍሬን ሸራ፣ ማኒኮቶ (የውሃ ጎማ ቱቦ)፣ ቺንጋ፣ ቴስቲና (የመሪ መገጣጠሚያ) እና የዘይት ፊልትሮ ግን ያገለገለ አይገዛም። የዘይት ፊልትሮ ስትገዙ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች ተመልከቱ፤ ውስጥ የሚታጠፍ የጎማ ክዳን ከሌለው ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ይመለሳል፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ያለ ዘይት ይንኳኳል።

ኢንጀክሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው ኮምፒውተሩን ነው፣ እሱ እንኳን አያስፈራም። ኮፋኖ ሥር ካለችው ትንሽ የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝታችሁ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፣ ሞተር አታስነሡ። የሞተር ምልክቷ መብራት ሳታቋርጥ እኩል ብልጭ ብልጭ ካለች የተመዘገበ ጥፋት የለም። 2 ብላ አርፋ 2 ካለች 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር፤ 31 የአየር ግፊት፣ 41 የጋዝ ቫልቩ ሴንሰር። 31 ሲመጣ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ወደሱ የምትሄደዋን ቀጭን ጎማ እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቀችው እሷ ናት።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። የነዳጅ ፖምፓው ታንክ ውስጥ ስለሆነ ሲሞት ማስጠንቀቂያ የለውም፤ መንዝ ውስጥ በመሐል ሜዳ ከተማ መንገድ ላይ ከሞተ ጎታች ነው መፍትሔው። የዲኤክሱ ፖምፓ ሞተሩ ጎን ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ ነው፤ ሽፋኑ ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይገባልና የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ ብታሸቱ ይታወቃል። የፊት አክሰል ጎሚኒም የጠጠር መንገድ ጠላት ነው። የኮፒው ጎሚኒ በደብረ ብርሃን ውርጭ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ግሪሱ ይረጫል፣ አቧራ ይገባል፤ መሪ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ ጎሚኒ ብቻ መቀየር አያድነውም። የዲኤክስ ዋገን ኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ነው፤ ገብስ ጫኑበት፣ ፖርቶመጋላው ላይ በግ አስሩበት፣ ቅጠሉ ቢሰበር ብረት ሠሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ለሁለቱም እኩል የሚሆን አንድ ነገር የራዲያተር ክዳን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 የተጻፈበት ደኅና ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍላቱን ከ110 በላይ ያደርሰዋል፣ የላላ ክዳን ግን ገና ቴርሞስታቱ ሙሉ ሳይከፈት ያፈላዋል። ከዚያ ራዲያተር ይወቀሳል፣ ቴስታታ ይፈታል። ከሁሉም የሚረክሰውን ክዳኑን አስቀድማችሁ ቀይሩ። ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልም እዚህ አገር ተለምዷል፤ በውርጭ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሠራ ቤንዚን ይበላል፣ የፒስተን ፋሻም (ቀለበቱም) ይበላል። ከኅዳር በፊት ሲሶ ኩላንት፣ ሁለት እጅ ንጹሕ ውሃ ሙሉ።

ፍሬኑን ከማንም በፊት ጣርማ በር ይፈትነዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ 1,280 ሜትር ሲወረድ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት በ205 ዲግሪ ይፈላል፤ እርጥበት የጠጣው ወደ 140 ይወርዳል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር፣ አየሩም ከማስተሩ ከራቀው የኋላ ጎማ ጀምሮ ይውጣ። ቁልቁለቱን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቅ ድረሱ። ኮምፕረሽን (በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን ግፊት) ካስለካችሁ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ንባቡ ከመጽሐፉ ቁጥር ከሩብ በላይ ዝቅ ማለቱ የአየሩ ነው፤ «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ዋጋ የሚያወርድ ደላላም፣ ፋሻ ልቀይር የሚል መካኒክም ይሄን ነው የሚጠቀምበት። የሚታየው የአራቱ ሲሊንደሮች ንባብ ልዩነት ነው፤ ከ1 ኪሎ ከበለጠ ቫልቭ ወይም ጓርኒሽን ጠርጥሩ። ከኋላ በሩ ሥር፣ ትርፍ ጎማው የሚተኛበትና ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ ላይ በካቻቢቴ ተጫኑ፤ ከገባ የባሌስትራው ማሰሪያ ዝጎ እስከ ማስበየድ ያደርሳል፣ ሒሳቡንም ከዋጋው ላይ አንሱት። ብዙ ዲኤክስ ሞተሩ ስለተቀየረ ብሎኩ ላይ ያለውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጋችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ ካልገጠመ ሻጩ አስተካክሎ እስኪመጣ ቀብድ አትስጡ።