በቅድሚያ ተከፍሎ ስለሚሸጥ የአንገት ፊዚዮቴራፒ «ፓኬጅ» ማስጠንቀቂያ

በጅማ ከተማ «የአንገት ዲስክ ነው» ተብላችሁ የፊዚዮቴራፒ «ሙሉ ፓኬጅ» በቅድሚያ እንድትከፍሉ የተጠየቃችሁ ወገኖች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ።

አጎቴ በመርካቶ አካባቢ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ይህንንም የዓይን ድካም ነው ብለው አለፉት። ቀጥሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ ቸገራቸው፤ እግራቸውም እየተገተረ ሚዛናቸውን መሳት ጀመሩ። የታዩበት የግል ሕክምና ቤት የራጅ ፊልም ብቻ ተመልክቶ፣ የእጃቸውን ጥንካሬም ሆነ አረማመዳቸውን ሳይመረምር፣ «ያለ ቀዶ ሕክምና ዲስኩን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን» በማለት ሙሉውን ክፍያ ተቀበለ። ያቻኮላቸው በአንድ ጊዜ ለሚከፍል ቅናሽ አለ መባሉ ነው። በደረሰኙ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል።

ሕክምና የተባለው አገጫቸውን በማሰሪያ ይዞ አንገታቸውን በክብደት መጎተትና ማጅራታቸውን ማሸት ነበር። አንገታቸውን ሲደፉ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር በጀርባቸው እንደሚወርድ ሲናገሩ «ነርቩ እየነቃ ነው» ተባሉ። ይህ ንዝረት ግን ህብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ) አንገት ውስጥ ሲጨመቅ ከሚታዩት የታወቁ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ማንኛውም ባለሙያ ይህን ሲሰማ መጎተቱን አቁሞ በሽተኛውን ወደ ሐኪም መላክ ይገባው ነበር።

ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ወደ ክንድ የሚወጣ የነርቭ ሥር ሲጫን ሕመሙ ወደ ክንድ ይወርዳል፤ ብዙውን ጊዜም በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ይሻላል። ራሱ ህብለ ሰረሰር ሲጫን ግን የአንገት ሕመሙ ቀላል ሊሆን፣ ጭራሽም ላይኖር ይችላል፤ የሚዳከሙት እጅና እግር ናቸው፤ ሲብስም ሽንት መቆጣጠር ያስቸግራል። ራጅ አጥንትን እንጂ ህብለ ሰረሰርን ስለማያሳይ ጭመቃውን በግልጽ ለማየት ኤምአርአይ ያስፈልጋል። በዕድሜ ብዛት በአጥንት መብቀልና በጅማት መወፈር የጠበበ ቦታ በማሸት አይሰፋም፤ አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ደግሞ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢም ይህንኑ ጭመቃ ሊያስከትል ስለሚችል፣ መንስኤው ሳይታወቅ አንገትን ለወጌሻም ሆነ ለመሣሪያ መስጠት አደገኛ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በዕድሜ ብዛት ስለሚመጣው ጭመቃ የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ በመካከለኛና በከባድ ደረጃ ላይ ላሉ ሕሙማን ቀዶ ሕክምናን ይመክራል፤ ቀላል ደረጃ ላይ ላሉት ቀዶ ሕክምና ወይም በቅርብ ክትትል የሚሰጥ የማገገሚያ ሕክምና በአማራጭነት ያቀርባል።

አጎቴ በመጨረሻ በሪፈር ሄደው ኤምአርአይ ተነሡ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገላቸው። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምናው ዋና ዓላማ ጉዳቱ እንዳይገፋ ማድረግ መሆኑን፣ የጠፋው የእጅ ቅልጥፍና ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። ዛሬ ሚዛን የመጠበቅና ጣት የማፍታታት ልምምድ የሚያሠራቸው ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ስለዚህ በሙያው ላይ ቅሬታ የለኝም።

ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አቤቱታችንን የጻፍነውም በዚሁ መሠረት ነው። እናንተ በየቀጠሮው እየከፈላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የሚያክማችሁን ሰው የሙያ ፈቃድ ጠይቁ፤ ህብለ ሰረሰራችሁ አለመጨመቁን ማን፣ በምን ምርመራ እንዳረጋገጠም በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ቤት ካጋጠማችሁ ትታችሁት ውጡ።

ከፍላችሁ የጀመራችሁም ብትሆኑ፣ እጃችሁ ዕቃ መያዝ ካቃተው ወይም አረማመዳችሁ ከተለወጠ፣ የቀረው ቀጠሮ አያሳሳችሁ፤ አቋርጣችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እግር በድንገት ከዛለ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።