ቲኤችዲ ሆት ፕሌት 8 ኦም ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ ከድምፁ በፊት ኦሙን እዩ

ሆት ፕሌት አቴንዌተር ነው፣ ማለትም የጊታር አምፕን ጩኸት የሚቀንስ ሳጥን። የምጠቀመው ከፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የጊታር አምፕ ጋር ነው፣ 22 ዋት፣ 8 ኦም ስፒከር (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)። 22 ዋት ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል ግን ቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሰራ) ነው፣ ቮሊዩሙ 5 ወይ 6 ደርሶ ያ ደስ የሚለው ሻካራ ድምፅ ሲመጣ አፓርታማ ውስጥ የሚቻል ነገር አይደለም። አቴንዌተሩ በአምፑና በስፒከሩ መሀል ገብቶ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት ይቀይረዋል፣ ስራው ይሄው ነው።

ሆት ፕሌት የሚገዛው በኦም ነው፣ 2፣ 2.7፣ 4፣ 8 እና 16 ለየብቻ (2.7 ምን ይሰራል ለምትሉ፣ ሦስት 8 ኦም ስፒከር በፓራለል ሲያያዝ የሚመጣው ነው)። መግጠም ያለበት ከአምፑ አውትፑት ጋር ነው። ትራንዚስተር አምፕ የለመደ ሰው "ኦሙ ከበዛ ምንም አይልም" ይላችኋል፣ እዛ ልክ ነው፣ ቲዩብ ላይ ግን ኦሙ በጣም ሲበዛ ቲዩቦቹን ከስፒከሩ የሚያገናኘው አውትፑት ትራንስፎርመር ላይ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ጭራሽ ምንም ካልተሰካ ደግሞ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል፣ ኦሙ ሲያንስ ደግሞ ቲዩቦቹ ላይ ከረንት ይበዛና ቶሎ ያልቃሉ።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ግን ከአቴንዌተሩ ወዲያ ስላለው ስፒከር ነው። እኔ ጋ 16 ኦም ካቢኔት አለ፣ ይሰካ አይሰካ ለማወቅ ተራውን የኤል ፓድ (በሁለት ሬዚስተር ኃይል የሚቀንስ ቀላል አቴንዌተር) ሂሳብ ሰራሁት። 8 ኦም ፓድ ላይ 16 ኦም ስፒከር ብትሰኩ 3 ዴሲቤል ስትቀንሱ አምፑ የሚያየው 11 ኦም ገደማ ነው፣ 6 ላይ 9.3፣ 12 ላይ 8.3። በደንብ በቀነሳችሁ ቁጥር አምፑ የሚያየው ራሱን አቴንዌተሩን ነው፣ ስፒከሩን ይረሳዋል ማለት ይቻላል። ባይፓስ ካደረጋችሁት (ምንም ሳይቀንስ በቀጥታ ካሳለፋችሁት) ግን ሙሉ 16 ይመጣበታል፣ ስለዚህ በዛ ካቢኔት ባይፓስ አልነካም። ውስጡ ሪአክቲቭ ነገር (እንደ ኮይል ያለ) ያለው አቴንዌተር ላይ ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል፣ አካሄዱ ግን ያው ነው።

ፌንደር ያላችሁ ደግሞ ዋናውን የስፒከር ጃክ ተጠቀሙ፣ እሱ ባዶ ሲሆን አውትፑቱን ሾርት ስለሚያደርግ ለተጨማሪ ስፒከር የሆነው የኤክስቴንሽን ጃክ ላይ ብቻ ብትሰኩ ድምፅ የለም። ኬብሉም የስፒከር ኬብል ይሁን እንጂ የጊታር ኬብል እንዳይሆን፣ ቀጭን ነው አይችለውም።

ድምፁን በተመለከተ፣ 4 እና 8 ዴሲቤል ሲቀነስ ወድጄዋለሁ፣ 8 ላይ ከ22 ዋቱ 3.5 ያህል ይቀራል፣ ያም ቢሆን ቀላል ጩኸት እንዳይመስላችሁ። 16 ላይ ግማሽ ዋት ነው፣ እዛ ይታፈናል፣ የየትኛውም አቴንዌተር ባህሪ ይመስለኛል ምክንያቱም ጆሯችን ራሱ ድምፅ ሲቀንስ ቤዙንና ትሬብሉን ይቀንስብናል፣ ስፒከሩም በደንብ አይንቀሳቀስም። ብራይት (ለትሬብሉ) እና ዲፕ (ለቤዙ) የሚሉት ማብሪያዎች ለዚህ ነው የተሰሩት፣ ዲፑን ሁሌ አበራዋለሁ፣ ብራይቱ ለኔ ጊታር ይበዛል።

ቤት ውስጥ ዝግ ብሎ ስለሚሰማ አምፑ ያረፈ እንዳይመስላችሁ፣ ሙሉ ኃይሉን እየሰራ ነው ቲዩቦቹም እንደዛው ያልቃሉ። ሳጥኑም ይሞቃል፣ ላዩ ላይ ምንም አታስቀምጡ።

አንድ አምፕ ብቻ ካላችሁ ግዙት። 4 ኦምም 16 ኦምም አምፕ የምትቀያይሩ ከሆነ ግን መምረጫ ያለው ይሻላችኋል፣ ለምሳሌ ቡገራ ፒኤስ1 4፣ 8 እና 16 ሦስቱንም ኦም ይዟል።