«የድጎማ ማስፈጸሚያ» ለሚላችሁ ሻጭ አንድ ብር እንዳትሰጡ

ይሄን የምጽፈው ከመኪና ሻጩ ቢሮ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላኝ ነው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። 180,000 ብር ተበልቻለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆች፣ እባካችሁ አንብቡኝ።

ስሙን አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ቢሮ። በሩ ላይ የወንበራቸው ላስቲክ ያልተነሳ ሁለት ሦስት የቻይና መኪኖች። «ግቢ፣ ከፀሐዩ ግቢ» ይልሻል። ቀዝቃዛ ውሃ ያስመጣል። የማን ልጅ እንደሆንሽ ይጠይቃል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ እንደምሸጥ ስነግረው የሱም እናት እዚያው ትነግድ እንደነበር አወራኝ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ ትልቁም ትንሹም አንተ፣ አንቺ ነው። እሱም ገና ከበሩ «አንቺ» አለኝ። ደስ አለኝ። የሰፈሬ ልጅ መሰለኝ።

መኪናውን የፈለግኩት ለመንገዱ ነው። እናቴ ሐረር ናት፤ ታማለች። በሳምንት ሁለቴ የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ። ቤንዚን ልቀዳ ብዬ ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ የቆምኩበት ጊዜ አለ። ሱቁን ዘግቼ ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሰክቼ አድሬ ጠዋት መውጣት እንዴት እንዳጓጓኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

በዋጋው ተስማማን። ቀብድ ከፈልኩ። ከዚያ ወንበሩን ወደኔ ሳብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መንግስት ለኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ድጎማ እንደሚሰጥ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። አዲስ አበባ ጉዳዩን የሚጨርስ ሰው አለን አለ። 180,000 ብር ለማስፈጸሚያ አስቀድማለሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ 400,000 ብር በሂሳቤ ይገባል። «ለሁሉም አልነግርም፤ አንቺ እህቴ ስለሆንሽ ነው።»

ለምን እንዳመንኩት ልንገራችሁ። የአክስቴ ልጅ ጀርመን ነው። እሱ የኤሌክትሪክ መኪና ሲገዛ የጀርመን መንግስት በእውነት ገንዘብ ከፍሎታል። እ.አ.አ. እስከ 2022 መጨረሻ ዋጋው ከ40,000 ዩሮ ለማይበልጥ መኪና መንግስት እስከ 6,000 ዩሮ ይሰጥ ነበር። ገዢው ራሱ ያመለክታል፣ ገንዘቡ በሂሳቡ ይገባል። በ2023 መጨረሻ ላይ ነው በድንገት ያቆሙት። እና ይሄ ሰው «ድጎማ» ሲለኝ በጆሮዬ የሰማሁት ያንን ነው። እኛም ጋ የተጀመረ መሰለኝ።

እኔ ስገዛ እኛ ጋ የነበረው ግን ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተጨማሪ እሴት ታክሱን (ቫቱን)፣ ኤክሳይዙንና ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጨመረውን ሱር ታክስ አነሳ። የጉምሩክ ቀረጡን ደግሞ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ አደረገ። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ። ድጋፉ ይሄ ነበር። ገና ጉምሩክ ላይ፣ አስመጪው ዕቃውን ሲያወጣ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ገዢው የሚያመለክትበት ቢሮ የለም፤ በማንም ሂሳብ የሚገባ ብርም የለም።

ይሄን ያወቅኩት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ሦስት ወሩ አለፈ፣ አራተኛው ገባ፣ ስልክ አያነሳም። የእህቴ ባል ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ። «ዲክላራሲዮኑን እስቲ አምጪው» አለኝ። መኪናው ሲገባ የተከፈለው ቀረጥና ታክስ የተጻፈበት የጉምሩክ ወረቀት ነው፤ ሰሌዳ ካወጣሁ ጀምሮ ከሊብሬው ጋር መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንብቤው አላውቅም። እሱ በጣቱ አሳየኝ። ቫት ዜሮ። ኤክሳይዝ ዜሮ። ሱር ታክስ ዜሮ። ቀኑ ጥቅምት ነው። እኔ እዚያ ቢሮ መጀመሪያ የገባሁት ኅዳር ላይ፣ 180,000ውን የሰጠሁት ታኅሣሥ 12። አስፈጽምልሻለሁ ብሎ የተቀበለኝ ነገር እኔን ሳያውቀኝ በፊት አልቆ ነበር።

ዛሬ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም። ግማሽ ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ። ውሃም የለም፣ ወንበርም የለም። ሲጠራኝ ገባሁና ዲክላራሲዮኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አየው። ቀና አለና፦

«እርስዎ አሁን ምን ፈልገው ነው?»

እርስዎ! በድሬ! አምስት ወር ሙሉ «አንቺ፣ እህቴ» ሲለኝ የኖረ ሰው። በዚያች አንዲት ቃል ሁሉም ነገር ገባኝ። አለማወቁን አልነበረም የነገረኝ፤ እንደማያውቀኝ ነበር የነገረኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ድጎማው» አልኩት። «እርስዎ ድጎማ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ቀረጡ ተነስቶልዎታል፣ ተጠቅመዋል።» «180,000 ብሩስ?» ውሉን ከፋይል አወጣና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። «ለልዩ ልዩ አገልግሎት ወጪ» ይላል። «ፊርማው የእርስዎ አይደለም?»

የኔ ነው። አራት ገጽ ውል ሳላነብ ፈረምኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ስነግድ አንድ ጣቃ ጨርቅ ሳልለካ ተረክቤ አላውቅም። ገንዘቡን ያስገባሁት በድርጅቱ ሂሳብ እንኳ አይደለም፤ በራሱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። ደረሰኝ ስጠይቀው «በኛ መሀል ደረሰኝ?» አለኝ። እኔም አፈርኩ። ደረሰኝ በመጠየቄ አፈርኩ! ያ ገንዘብ የእናቴ መድኃኒት ነበር፣ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር።

እንግዲህ ዲክላራሲዮኑን ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ፤ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ለድርጅት እንጂ በግለሰብ ሂሳብ አታስገቡ። እኔ ነገ ጠዋት የባንክ ወረቀቱን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ። እንደኔ የከፈላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አብረን እንሂድ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስወጣ በሩ ላይ ሰማያዊ ሽርጥ የለበሰ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። በእጁ ቀዝቃዛ ውሃ ይዟል። ሻጩ ከኋላዬ ወጥቶ «ና አባቴ፣ ግባ፣ አንተን ነው የምጠብቀው» አለው። ልናገር ፈልጌ ነበር። እንባ አነቀኝ፣ ድምፅ አልወጣልኝም። አባባ፣ ልጆችህ ይሄን ካነበቡ ይንገሩህ። እባክህ እንዳትፈርም።